ፓንቾ ቪላን የገደለው ቡጢ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው የስፖርት ገጻችሁ ላይ ስለ ፊሊፒናዊው ቦክሰኛ ስለ ፓንቾ ቪላ ያወጣችኋትን አጭር ጽሑፍ አነበብኳት። “በመጨረሻው ፍልሚያ ላይ በደረሰበት ምት ሕይወቱ አለፈ” ትላለች። ምት አይደለም የገደለው። ጥርሱ ነው።

ስለ ቦክስ ምን አገባሽ እንዳትሉኝ። እኔ እዚህ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ፣ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ቦክስ አልወድም። ባለቤቴ ቴሌቪዥን ላይ ሲከፍተው ተነስቼ ጓዳ ነው የምገባው። ፓንቾ ቪላን ያስተዋወቁኝ አንድ ሽማግሌ ፊሊፒናዊ ታካሚያችን ናቸው። አባታቸው በ1920ዎቹ ወደዚህ መጥተው ስቶክተን አካባቢ አስፓራገስ የሚባለውን አትክልት ሲቆርጡ ኖረዋል። ሰውዬው መንጋጋ ጥርሳቸው ሊነቀል ወንበሩ ላይ ተጋድመው ሳለ ነው ይህን ታሪክ የጀመሩልኝ። ጊዜ ሲመርጡ! ከዚያ ወዲህ ስለ ቪላ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ለእኔ የስፖርት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የሥራዬም ጉዳይ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ትክክለኛ ስሙ ፍራንሲስኮ ጊሌዶ ነው። ኦገስት 1 ቀን 1901፣ ኔግሮስ ደሴት ላይ ኢሎግ በምትባል ቦታ ተወለደ። አባቱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር፤ ልጁ ገና ጨቅላ ሳለ ጥሎት ሄደ። እናቱ ብቻዋን አሳደገችው። ትንሽ ከፍ ሲል ኢሎይሎ ወደምትባለው የወደብ ከተማ ተሻገረና ሊስትሮ ሆነ። ቀጥሎ ማኒላ ገባ። በ1919 ለገንዘብ መፋለም ጀመረ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ55 ገደማ ነው። የሚፋለምበት ምድብ ከ50.8 ኪሎ በላይ አይፈቅድም። እኔ ራሴ ብገባ አልፈቀድም።

በነገራችን ላይ ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ የእሱ አይደለም። ያ ባለ ሪዙ ፈረሰኛ የሜክሲኮው አብዮተኛ ፓንቾ ቪላ ነው። ግራ መጋባታችሁ ይገባኛል። በ1923 ሁለቱም የጋዜጣ ወሬ ነበሩ። ጁን ላይ ይህኛው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ጁላይ ላይ ያኛው ተገደለ። ቢሆንም የእኛ ልጅ ሪዝ የለውም።

ወደ አሜሪካ የመጣው በ1922 ከማናጀሩ ከፍራንክ ቸርችል ጋር ነው። ያኔ ፊሊፒንስ የአሜሪካ ግዛት ስለነበረች ፊሊፒናውያን ለመግባት ቪዛ አይጠየቁም። ዜጋ ግን አይደሉም። የውጭ ሰውም አይደሉም። መሥራት ይችላሉ፣ መምረጥ አይችሉም። በ1934 ደግሞ ያቺ በርም ጠበበች፤ በዓመት 50 ሰው ብቻ ይግባ ተባለ። ወረቀት ይዞ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ አንባቢያችሁ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ልጁ ኒው ዮርክ እንደደረሰ ወዲያው አልቀናውም። መጀመሪያ ላይ እነ ፍራንኪ ጄናሮ ፈተኑት። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ግን ጆኒ በፍን ብሩክሊን ውስጥ በ11ኛው ዙር በዝረራ ጣለውና የአሜሪካን ሻምፒዮንነት ወሰደ። በማግስቱ ዓመት ማርች ላይ ያንኑ ማዕረግ ለጄናሮ በነጥብ አስረከበ። ብዙ ሰው ዳኝነቱን አልተቀበለውም ነበር ይባላል።

ትልቁ ቀን ጁን 18 ቀን 1923 ነው። ቦታው ፖሎ ግራውንድስ፣ የኒው ዮርኩ ስታዲየም። ተጋጣሚው ጂሚ ዋይልድ፣ የዌልሱ። ዋይልድ በዘመኑ በዚህ ምድብ አቻ ያልነበረው ሰው ነው። ግን 31 ዓመቱ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በላይም አልተፋለመም። ቪላ 21 ዓመቱ ነው። ገና ከጅምሩ ገባበት፣ ፋታም አልሰጠው። በ7ኛው ዙር ዋይልድ ተዘረረ። ከዚያ ወዲያ ዳግም አልተፋለመም። ሊስትሮ የነበረው ልጅ የመጀመሪያው ፊሊፒናዊ፣ የመጀመሪያው እስያዊ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ታካሚያችን እንደነገሩኝ አባታቸው የእሱን ፎቶ ከጋዜጣ ቆርጠው በሚያድሩበት ካምፕ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ነበር። ጎንበስ ብሎ ሲቆርጥ የሚውል ሰው አንድ የሱ አገር ልጅ ነጭ ፊት ለፊት ቆሞ ሲያሸንፍ፣ ያውም ተከፍሎት፣ ማየቱ ምን እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነው። ቪላም ገንዘቡን ደብቆ የሚያኖር ዓይነት አልነበረም። የሐር ሸሚዝ ይወዳል፣ ጓደኛ አይጠፋውም፣ የለመነውን ይሰጣል።

አሁን ወደ ጥርሱ ልምጣ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ጁላይ 4 ቀን 1925፣ በአሜሪካ የነጻነት በዓል፣ እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ከጂሚ ማክላርኒን ጋር ቀጠሮ ነበረው። ማዕረጉን የሚያስይዝ ፍልሚያ አይደለም። ማክላርኒን አየርላንድ ተወልዶ ካናዳ ያደገ ልጅ ነው፣ ገና 17 ዓመቱ። ኋላ ከቪላ ብዙ ኪሎ በሚበልጥ ምድብ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ነው፤ ያኔም ቢሆን ከቪላ ይከብዳል። ሁለት ስደተኞች በሰው አገር የነጻነት በዓል ሊደባደቡ ነው እንግዲህ። ከፍልሚያው በፊት በነበሩት ቀናት የቪላ ጥርስ መግል ቋጠረ፣ ፊቱ አበጠ። በዕለቱ ጠዋት ሐኪም ጋ ሄዶ አስነቀለው ይባላል። ከሰዓት በኋላ ፍልሚያ ገባ።

ይህን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ሳነብ ጮክ ብዬ “ምን?” ብያለሁ። እኛ ጥርስ ለተነቀለለት ሰው የምንሰጠው ወረቀት አለ። ከባድ ዕቃ አታንሳ፣ አትሩጥ፣ በስትሮ አትጠጣ ይላል። በስትሮ! እሱ 10 ዙር ተመታበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ሲያነሳው አላየሁም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1914 ጀምሮ ከ4 ዙር በላይ መፋለም በሕግ የተከለከለ ነበር። ክልከላው የተነሳው በኖቬምበር 1924 ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ነው። የግዛቱ የቦክስ ኮሚሽንም የተቋቋመው በዚያው ድምፅ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ልጁ 4 ዙር ተፋልሞ ይወርድ ነበር። በአንድ እጁ ያበጠ ፊቱን እየከለለ፣ በአንድ እጁ እየተፋለመ እስከ መጨረሻው ቆመ። በነጥብ ተሸነፈ። በሕይወቱ አንድም ጊዜ በዝረራ አልተሸነፈም፣ ያን ቀንም ጭምር።

ከቀናት በኋላ ሌሎች 3 ጥርሶች ተነቀሉለት። ሐኪሙ ተኛ፣ ተመልሰህም ና አለው። እሱ ከጓደኞቹ ጋር ሲጨፍር ሰነበተ። በዚህ ብዙ ሰው ይፈርድበታል። እኔ የማየውን ልንገራችሁ። መግል የቋጠረ ጥርስ ሲነቀል ውስጥ ታምቆ የነበረው ይተነፍሳል፤ ሕመሙ ቀለል ይላል። ሰውዬው ድኛለሁ ብሎ ያስባል። ኢንፌክሽኑ ግን ገና መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። የታችኛው መንጋጋ የኋላ ጥርሶች ሥሮቻቸው ጥልቅ ናቸው። መግሉ በውስጥ በኩል ከፈነዳ ከምላስ ሥር ይገባና ወደ አንገት ይወርዳል። ምላስ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል። የአየር ቱቦው ይጠብባል። ሰው አፉ ውስጥ በጀመረ ነገር ታፍኖ ይሞታል። ዛሬ አንቲባዮቲክ አለ። በ1925 የለም። ፔኒሲሊን የተገኘው በ1928 ነው፤ ለሕመምተኛ መሰጠት የጀመረው ደግሞ በ1940ዎቹ። ያኔ ይህ ሕመም ከያዛቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይሞቱ ነበር።

ጁላይ 13 አሰልጣኙ ዋይቲ ኤክወርት ሆስፒታል ወሰደው። ኢንፌክሽኑ ጉሮሮው ደርሷል። ኦፕራሲዮን ላይ እያለ ራሱን ሳተ። በማግስቱ፣ ጁላይ 14፣ አረፈ። 24 ዓመት ሊሞላው 18 ቀን ቀርቶት ነበር። አስከሬኑ በመርከብ ማኒላ ተወስዶ እዚያው ተቀበረ። የሻምፒዮንነት ማዕረጉ እስከሞተበት ቀን ድረስ የእሱ ነበር።

ስለዚህ “ተመትቶ ሞተ” የሚለው ስህተት ነው። ምናልባት ከክሌቨር ሴንሲዮ ጋር አምታታችሁት ይሆናል። እሱም ፊሊፒናዊ ነው፣ እሱም በዚያው ዘመን እዚህ አገር መጥቶ ይፋለም ነበር። በ1926 ሚልዋኪ ውስጥ በድ ቴይለር ከሚባል ቦክሰኛ ጋር ተፋልሞ በማግስቱ የሞተው እሱ ነው። የእሱ በእርግጥ ምት ነው። ሁለቱን ለይታችሁ ጻፉልን።

እንዲያው አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ለእናንተ ብቻም አይደለም። ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ “ጀግና ነበር፣ ታሞም ተፋለመ” ይላል። ሌላው “ጭፈራ ገደለው” ይላል። ሁለቱም ጥፋቱንም ጀግንነቱንም 23 ዓመት ልጅ ላይ ይጥላሉ። ማናጀር ነበር። አሰልጣኝ ነበር። የፍልሚያው አዘጋጅ ነበር። ትኬት ተሽጧል። ፊቱ ያበጠ ሰው ሪንግ ላይ ሲወጣ የሕዝቡ ዓይን ሁሉ አይቶታል። እሱ ራሱ ነው እፋለማለሁ ያለው ይባላል። ይሆናል። ሕመምተኛ እንደሱ ነው የሚለው። ባለፈው አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አገጩ ሥር አብጦ፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት መጣና ክኒን ብቻ ስጡኝ፣ ሽፍት አለብኝ አለን። ተቆጣ፣ ተሳደበ። ሐኪማችን እሺ አላለችውም፤ አምቡላንስ ጠራች። በዚያ ወንበር ላይ ያለ ሰው ስለ ራሱ ደሞዝ ነው የሚያስበው። እምቢ የሚል ሰው መኖር አለበት፣ ያ ሰው ደግሞ ከትኬቱ የሚያገኘው ሳንቲም መኖር የለበትም። ዛሬ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማንም ቦክሰኛ ሐኪም ሳያየው አይፋለምም። ሪንጉ ሥርም ሐኪም ይቀመጣል፤ ፍልሚያውን የማስቆም ሥልጣን ያለው።

ለአንባቢዎቻችሁም አንድ መስመር ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ጥርስ ታሞ አገጭ ሥር ካበጠና ከጠነከረ፣ ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ፣ ድምፅ ከተቀየረ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ነገ አትበሉ። የጥርስ ቀጠሮም አትጠብቁ። ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ስለ ፊሊፒናውያን ቦክሰኞች መጻፋችሁን ግን አታቁሙ። ሁልጊዜ ፓኪያዎ ብቻ እየተባለ ሌሎቹ ተረሱ። ሴፈሪኖ ጋርሲያ አለ፤ በ1939 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ፍሬድ አፖስቶሊን በ7ኛው ዙር ጥሎ ቪላ ከነበረበት ምድብ 22 ኪሎ ገደማ በሚበልጥ ምድብ ሻምፒዮን የሆነ። ለእኔ ሰፈር ቅርብ የሆነው ደግሞ ኖኒቶ ዶናየር ነው። በልጅነቱ ከፊሊፒንስ መጥቶ እዚህ ጎረቤታችን ሳን ሊያንድሮ ነው ያደገው። ያሰለጠነው አባቱ ነው። ታላቅ ወንድሙ ግሌን በ2006 ከቪክ ዳርቺኒያን ጋር ተፋልሞ መንጋጋው ተጎድቶ ተሸነፈ። በማግስቱ ዓመት ጁላይ ላይ ኖኒቶ ያንኑ ዳርቺኒያንን በ5ኛው ዙር ዘረረና ቀበቶውን ወሰደ። በ2021 ደግሞ በ38 ዓመቱ እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እሱን ብትጽፉት መንጋጋም ስላለበት እኔም አነባለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የጥርስ ክሊኒክ ነርስ
ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ