ፎርማት ይደረግ የተባለው ኮምፒውተር
የአይሲቲ ክበብ ዘገባ፣ 2017 ዓ.ም.

ክበባችንን «ጌም ቤት» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ይበሉ። ሌሎቹ ክበባት ታቦር ተራራ ሲወጡ እኛ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ዲስክ ስንጠግን ነበር።

ሰብሳቢና ጸሐፊ ተመርጠዋል፣ በየረቡዑ ተሰብስበናል፣ ቃለ ጉባኤው አለ። ዋናው ጉዳይ የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ነው። ሚያዝያ ላይ በአንድ ከሰዓት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣና ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ሥርዓት፣ ኡቡንቱው፣ አልነሳ አለ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ «ፋይል ሲስተሙን (ፋይሎች ዲስኩ ላይ የተደራጁበትን ሥርዓት) በእጅ ፈትሹ» የሚል መልእክት ብቻ። የመጽሐፍ ውሰት መዝገቡ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። «ፎርማት አድርጉትና ይለይለት» ተባልን።

ልጆቹ ሲስተም ሬስኪዩ የተባለው የጥገና ሊኑክስ በተጫነበት ፍላሽ አስነሡት። ማውንት በሆነ፣ ማለትም በሥራ ላይ ባለ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ላይ ፋይል ሲስተም ጠጋኙ ኤፍኤስሲኬ ከሄደ የተረፈውንም ያበላሻልና ከውጭ መግባት ግድ ነው። ዲስኮችን በሚዘረዝረው ኤልኤስቢኤልኬ ፓርቲሽኑን ለዩ፤ በስማርትሲቲኤል የዲስኩን ጤና አዩ። ሴክተሮቹ (የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) እየሞቱ ቢሆን ኖሮ ከጥገናው በፊት ከታመመ ዲስክ በሚገለብጠው ዲዲሬስኪዩ ቅጂ ማውጣት ይቀድም ነበር። ደግነቱ ደህና ነው፤ ቅጂ የምናስቀምጥበት ትርፍ ዲስክም የለን።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ኤፍኤስሲኬን መጀመሪያ «ኤን» በሚለው አማራጭ አስኬደችው፤ ያሳያል እንጂ ምንም አይነካም። የስሕተቱን ብዛት አይታ ከኪቦርዱ እጇን አነሣች። ቀጥላ «ኤፍ» (የግድ ፈትሽ) እና «ዋይ» (ለሁሉም እሺ) ጨምራ አስጠገነችው፤ ንጹሕ እስኪል ደገመችው። መዝገቡ ግን ከቦታው የለም! ሎስት ኤንድ ፋውንድ የሚባለውን ፎልደር ከፈተች፤ ስማቸው የጠፋ ፋይሎች በአይኖድ ቁጥራቸው (ፋይል ሲስተሙ ለፋይል በሚሰጠው መለያ) ብቻ ተደርድረዋል። «ፋይል» በሚለው ትእዛዝ ዓይነታቸውን አንድ በአንድ ለየች፤ አንዱ የሠንጠረዥ ፋይል ሆነ። ስትከፍተው ከላይ የመጣው የራሷ ስም ነው፤ ያልመለሰችው የፊዚክስ መጽሐፍ። ላቡ በሳቅ ፈረሰ። ሰኞ መልሳለች።

አንድ የዊንዶውስ ማሽን አልዳነልንም። ኤንቲኤፍኤስፊክስ በተባለው የሊኑክስ መሣሪያ የጠገንነው መስሎን ነበር፤ እሱ ግን ጥቃቅኑን ነካክቶ፣ ዊንዶውስ ሲነሳ እንዲፈትሽ ምልክት ከመተው አያልፍም። ከመጫኛ ፍላሽ ተነሥተን የዊንዶውስን የራሱን ዲስክ ጠጋኝ፣ ቼክዲስክን፣ ማስኬድ ነበረብን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።

ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፦ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) እና አንድ ባለ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ዲስክ እንጠይቃለን። ለመዝጊያ በዓሉ ድንኳን ገንዘብ ተገኝቷል። ፍላሹም ቢሆን የክበቡ ሳይሆን የልጅቷ ነው፤ ለክረምት ቤቷ ይዛው ሄዳለች።