ችግሩ ኪሎ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ በረዶ ሆኪ ቡድኑ ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ያወጣችሁትን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ቡድኑ ፕሌይኦፍ (የዋንጫ ጥሎ ማለፍ) ላይ የሚወድቀው ተጋጣሚዎቹ በግዝፈትም በፍጥነትም ስለሚበልጡት ነው ብላችኋል። ግማሹ እውነት ነው። ግን እዚያ ላይ ማቆም ለቡድኑ ሰበብ ማቀበል ይመስለኛል።

እስቲ አጥቂውን ብራድ ማርሻንድን እንውሰድ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ገደማ ነው፣ በሆኪ አጭር የሚባል። እ.ኤ.አ. በ2013፣ በ2018፣ በ2019 እና በ2024 ከቦስተን ጋር ሆኖ ቶሮንቶን በሰባተኛው ጨዋታ (ቀድሞ አራት ያሸነፈ ስለሚያልፍ የመጨረሻው ነው) አሰናበተ። በ2025 ማሊያ ቀይሮ ፍሎሪዳ ፓንተርስ ገባና እዚያም ደገመው። በምን? ግብ ጠባቂው አፍንጫ ሥር ሄዶ ይቆማል። ይገፉታል፣ በዱላ ይጎሽሙታል፣ ይወድቃል፣ ተነስቶ እዚያው ይቆማል። የቶሮንቶው ኮከብ አጥቂ አውስተን ማቲውስ እኮ ከ1 ሜትር ከ90 በላይ ነው!

ደግሞ ግዙፍ ሰው አልተፈለገም ማለት አይቻልም። በዚያው ዓመት ቶሮንቶዎች ቁመቱ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋውን ተከላካይ ብራንደን ካርሎን አመጡ። ፍሎሪዳን ሁለቴ በተከታታይ አሸነፉ፣ ሦስተኛውንም 3 ለ 1 እየመሩ ነበር። ከዚያ በጭማሪ ሰዓት 5 ለ 4 ተሸነፉ፤ ያገባው ያው ማርሻንድ ነው። አምስተኛውንና ሰባተኛውን ደግሞ በገዛ ሜዳቸው 6 ለ 1 ተቀጡ፣ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ውጤት።

የፍሎሪዳን ፎርቼክ (ተጋጣሚን በራሱ ክልል ማስጨነቅ) ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ፓኳ (የሚመቷት የጎማ ዲስክ) ጥግ ላይ ስትገባ የመጀመሪያው አጥቂ ተከላካዩን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ሁለተኛው ፓስ የሚወጣበትን መንገድ ይዘጋል። ሦስተኛው ከፍ ብሎ ይጠብቃል። ተከላካዩ ጀርባውን ሰጥቷል፣ አንድ ሰከንድ እንኳ የለውም፣ ፓኳን ዝም ብሎ በግድግዳው ላይ ይመታታል፣ እሷም ተመልሳ ትመጣለች። ይሄ ሲደጋገም አርባ ሰከንድ ያልፋል፣ ተጫዋች የሚቀየርበት ሰዓት ይደርሳል፣ እግር ይዝላል፣ መቀየር ግን የለም፤ በተለይ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ቡድኖቹ ጎል ስለሚቀያየሩ ተቀያሪዎቹ የተቀመጡበት ቦታ ከሚከላከሉት ጎል ይርቃል። ሰባተኛው ጨዋታ ላይ የሆነው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያለ ጎል አለቀ፣ በሁለተኛው ሦስት ገባባቸው። ፍጥነት የምትሉትን እኔ የማየው እዚህ ላይ ነው። የደከመና ፓኳን ይዞ የቆመ ቡድን ፊት ማንም ፈጣን ይመስላል። ከየትኛውም ተጫዋች እግር ይልቅ ጥሩ ፓስ ይፈጥናል፣ ሊፍስ ያጣው ያንን የመጀመሪያውን ፓስ ነው።

ገንዘቡም አለ። በ2024–25 አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው የደመወዝ ጣሪያ 88 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የቶሮንቶዎቹ ማቲውስ፣ ኒላንደር፣ ታቫሬስና ማርነር ብቻቸውን ከ46 ሚሊዮን በላይ ይወስዱ ነበር። ከግማሽ በላይ ለአራት ሰው! ለሦስተኛውና ለአራተኛው መስመር (በየተራ አብረው ለሚገቡት ሦስት ሦስት አጥቂዎች) ምን ተረፈ? ፍሎሪዳ ግን ማርሻንድን፣ ሉንዴልንና ሉኦስታሪነንን ሦስተኛ መስመር ላይ ያሰልፍ ነበር፣ ቶሮንቶን ያሰቃዩትም ዋናዎቹ እነሱ ናቸው። በመደበኛው ውድድር 69 ጎል ያገባ ሰው (ማቲውስ በ2023–24 አድርጎታል) ክፍት ቦታ ሲያገኝ ነው የሚያገባው። ፕሌይኦፍ ላይ ዳኞቹ ፊሽካ ይቆጥባሉ፣ ክፍት ቦታ የሚባል ነገር ይጠፋል፣ ከዚያ ከዳር ሆኖ መተኮስ ይመጣል።

በጣም የሚያናድደኝ ስድስተኛው ጨዋታ ነው። ፍሎሪዳ ሜዳ ድረስ ሄደው 2 ለ 0 አሸነፉ። ማቲውስ አገባ፣ የ36 ዓመቱ ፓቾሬቲ ጨመረ፣ ሁሉም ሰው አጫጭር ፓስ እየተቀባበለና ወደ ኋላ እየሮጠ ተከላከለ። ተጋጣሚው ያው ነበር፣ ኪሎውም ያው። ሁለት ቀን ቆይተው ቤታቸው ሲመለሱ ያንን ጨዋታ ምን በላው? ስለዚህ ብትጽፉልን ደስ ይለኝ ነበር።

ማርነር በ2025 ክረምት ወደ ቬጋስ ሄዷል፣ ገንዘብም ተርፏል። ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ ያነሱት እኮ በ1967 ነው! ገንዘቡ ሌላ ግዙፍ ተከላካይ መግዣ ከሚሆን፣ ሰው እየገፋው ቀና ብሎ አይቶ ፓኳን በትክክል የሚያወጣ አንድ ተከላካይና ጎል ፊት ለመቆም የማይሰስት ሦስተኛ መስመር ይግዙበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሊፍስ ደጋፊ