የታሪክ ክበብ ዘንድሮ፦ ፕሬዚዳንቱ፣ ሰልፈኛውና የቬትናም ጦርነት

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ አንድ ርዕስ ይዞ ዘለቀ። ሕዝብ ያልወደደው ጦርነት ሲመጣ ፕሬዚዳንት ምን ያደርጋል? ጥያቄውን ያመጡት የ11ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። መልሱን የፈለግነው ደግሞ በቬትናም ዘመን አሜሪካ ውስጥ ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥቅምት ላይ ልጆቹ የያዙት አቋም ቀላል ነበር። ፕሬዚዳንት ጆንሰን መጥፎ፣ ሰልፈኛው ጥሩ። አቋሙ የተናጋው ሕጎቹን ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ነው። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ። በ1965 የምርጫ መብት ሕግና የአረጋውያን የጤና መድን። ሁሉንም የፈረመው ሊንደን ጆንሰን ነው። ማርች 1965 የመጀመሪያዎቹን ተዋጊ ወታደሮች በቬትናሟ ዳ ናንግ ከተማ ያሳረፈውም እሱው ነው። "ቲቸር፣ አንድ ሰው ነው እንዴ?" አለች አንዷ። አዎ፣ አንድ ሰው ነው።

ክበቡን ከሁሉ በላይ ያነጋገረው ግን ስልኩ ነው። ጆንሰን የስልክ ንግግሩን ያስቀርጽ ነበር፤ ቅጂዎቹ ዛሬ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ሜይ 27 ቀን 1964 ከአማካሪው ከማክጆርጅ ባንዲ ጋር ሲያወራ፣ ቬትናም የሚዋጉላት አገር እንደማትመስለው፣ መውጣትም የሚቻል እንደማይመስለው ይናገራል። ልብ በሉ፣ ይህ ከዳ ናንግ አሥር ወር ገደማ ቀድሞ ነው። ልጆቹ ንግግሩን አማርኛ አድርገው ለሁለት ተጫወቱት። ጆንሰን የሆነው ልጅ የቴክሳሱን ሰውዬ እንደ አገር ቤት ባላባት አድርጎ ስላወራው ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ሳቁ በረድ ሲል ጥያቄው መጣ፦ "ታዲያ እያወቀ ለምን ገባ?"

ብዙ ተከራከርን። ቬትናምን ለኮሚኒስቶች አሳልፎ ሰጠ መባልን ፈርቷል። ያ ከተባለ ደግሞ ኮንግረስ ውስጥ ለሌሎች ሕጎቹ የሚሆን ጉልበት አይኖረውም። ይህ ሁሉ ይገባኛል። እኔ የማልምረው ስልኩ ላይ ያለውን ጥርጣሬ ከሕዝቡ መደበቁን ነው። በዚያው በ1964 ነሐሴ ላይ ኮንግረስ በቬትናም ጦር እንዲጠቀም ሥልጣን የሰጠውን የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውሳኔ ሲያጸድቅለት በታችኛው ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔት 88 ለ2 ነበር። እነዚያ ሁሉ እንደራሴዎች የስልኩን ወሬ ቢሰሙ ኖሮ ድምፁ እንዲህ ይሆን ነበር?

ወደ ሰልፈኛው ስንሻገር ልጆቹን የያዛቸው ትልልቁ ሰልፍ ሳይሆን ጥቁር ጨርቅ ነው። ዲሴምበር 1965 በአዮዋ ግዛት በዴ ሞይን ከተማ ጦርነቱን ለመቃወም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ትምህርት ቤት የሄዱ ተማሪዎች ታገዱ። ከእነሱ አንዷ ሜሪ ቤዝ ቲንከር 13 ዓመቷ ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1969 በ7 ለ2 ድምፅ ለተማሪዎቹ ተፈረደ። ይህን ባነበብን ማግስት በዩኒፎርም ደንባችን ላይ ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄውን በአክብሮት ወደ ምክትል ርዕሰ መምህሩ መርቼዋለሁ።

የሲቪል መብቶች ሕጉ ሲፈረም ከጆንሰን ጀርባ ቆሞ የነበረው ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1967 ኒው ዮርክ ሪቨርሳይድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጦርነቱን በግልጽ ተቃወመ። መሐመድ አሊ በዚያው ዓመት አልዘምትም ብሎ ቀበቶውን ተነጠቀ። በ1968 መጀመሪያ የቴት ጥቃት፣ ማለትም የኮሚኒስቶቹ ኃይሎች በቬትናም አዲስ ዓመት የከፈቱት ትልቅ ማጥቃት መጣ፤ ማርች 31 ጆንሰን ለምርጫ እንደማይወዳደር በቴሌቪዥን ተናገረ። ይህን ክፍል በሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት አቅርበነዋል። ከኳሱ ጩኸት የተረፈው ተሰምቷል።

ሁለተኛው ሴሚስተር ጆንሰንን የተካው የፕሬዚዳንት ኒክሰን ነበር። ዲሴምበር 1 ቀን 1969 የተጀመረውን የወታደር ምልመላ ዕጣ እኛም ሞከርነው። እነሱ 366 የልደት ቀኖችን ዕቃ ውስጥ ጨምረው አወጡ፤ የመጀመሪያው ዕጣ ሴፕቴምበር 14 ነበር። እኛ በራሳችን አቆጣጠር ጳጉሜን 6ን ጨምረን በባልዲ አደረግነው። የዋናው ዕጣ ቀኖች በደንብ ስላልተደባለቁ በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት ቀድመው ይወጡ ነበር። የሒሳብ መምህራችን ይህን ሲሰሙ ባልዲውን ተረክበው ክፍለ ጊዜውን ወሰዱብን። አልተቀየምኩም።

የዓመቱ ክርክር ሚያዝያ ላይ ተካሄደ፦ "ሰልፉ ጦርነቱን አሳጥሯል ወይስ አላሳጠረም?" አሳጥሯል ያሉት የኒክሰንን ማስታወሻ አመጡ። ኒክሰን ለኦክቶበር 1969ኙ ታላቅ ሰልፍ ቁብ እንደማይሰጥ በይፋ ተናግሮ ነበር። በኋላ ግን ከዚያ ሰልፍ ወዲህ ጦርነቱን ማስፋት ሕዝቡን ክፉኛ እንደሚከፋፍል ያውቅ እንደነበር ጽፏል። አላሳጠረም ያሉት ደግሞ በኦሃዮ ግዛት ያለውን ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲን አነሡ። ሜይ 4 ቀን 1970 በጦርነቱ ተቃውሞ ላይ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች እዚያ አራት ተማሪዎች ገደሉ። ከዚያ በኋላ በተሰበሰበ የሕዝብ አስተያየት 58 በመቶው ጥፋቱን በተማሪዎቹ ላይ ጣለ፤ ወታደሮቹን የወቀሰው 11 በመቶ ብቻ ነው። አዳራሹ ይህን ቁጥር ማመን አቅቶት ጮኸ።

ዳኞቹ ለአሳጥሯል ቡድን ፈረዱ። ልጆቹ ጥሩ ተናገሩ፤ እኔ ብሆን ግን ለሌላኛው እሰጥ ነበር። ከዚያ ታላቅ ሰልፍ በኋላ አሜሪካን ከጦርነቱ ያወጣው የፓሪሱ ስምምነት እስኪፈረም ከሦስት ዓመት በላይ አልፏል። ኒክሰንም በ1972ቱ ምርጫ 49 ግዛቶችን ጠርጎ ወስዷል። ተሸናፊዎቹ ይህን ቢያነሡ ኖሮ ዋንጫው የእነሱ ነበር።

በወላጆች ቀን ቻርቶቻችንን ሰቀልን። አንድ አያት የሰሜን ቬትናሙን መሪ የሆ ቺ ሚንን ስም ሲያዩ ሳቁ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ ላይ ስሙን በዜማ ይሉት እንደነበር ነገሩን። ልጆቹ ከቻርቱ ይልቅ እሳቸውን ከበቡ፤ ትክክል ነበሩ።

ለከርሞ የምንጀምረው የፕሬዚዳንቱን ጦር የማዝመት ሥልጣን በሚገድበው በ1973ቱ የጦር ሥልጣን ሕግ ነው፤ ኮንግረስ የኒክሰንን ቬቶ ሽሮ ያጸደቀው። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፤ 9ኛ ክፍሎችም መግባት ትችላላችሁ። የስልኩ ንግግር ትርጉም ያለበት ደብተር ላይብረሪ ተቀምጧል። አንብቡት፤ ገጽ ግን አትቅደዱ።