ካልሲየም ኪኒን ሰዓትና መጠን አለው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ካልሲየም «ቫይታሚን ነው፣ አይጎዳም» እየተባለ በዘፈቀደ መዋጡ ያሳስበኛል። ብልቃጡ ላይ «ካልሲየም ካርቦኔት 1250 ሚሊ ግራም» ቢልም ውስጡ ያለው ካልሲየም 500 ሚሊ ግራም ነው፤ መቆጠር ያለበትም ይኸው ነው። አንጀት በአንድ ጊዜ ከዚህ ብዙም የዘለለ አይቀበልምና 1000 የታዘዘለት ሰው ጠዋትና ማታ ይክፈለው።

ካርቦኔቱ የሚሟሟው በጨጓራ አሲድ ስለሆነ ከምግብ ጋር ይወሰድ። የጨጓራ መድኃኒቱን ኦሜፕራዞልን የሚወስዱ ሰዎች አሲዳቸው ስለሚቀንስ ሲትሬት የተባለው ዓይነት ይሻላቸዋል፤ እሱ በባዶ ሆድም ይሆናል። ብዙዎችን የሚያማርረው የሆድ ድርቀትና መነፋትም ወደ ሲትሬት ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ግን ሳይታወቅ የሚከሽፈው ሌላው መድኃኒት ነው። ካልሲየም የእንቅርት መድኃኒቱን ሌቮታይሮክሲንን ሆድ ውስጥ ይይዝና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። በሽተኛው በየቀኑ እየዋጠ ድካሙ አይለቀውም፤ መፍትሔው የ4 ሰዓት ልዩነት ብቻ ነው። ፀረ ባክቴሪያው መድኃኒት ሲፕሮፍሎክሳሲንም ከካልሲየሙ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይዋጥ።

የኩላሊት ጠጠር የያዘው ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። የማያቋርጥ ጥም፣ ሽንት ማብዛት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ከታየ ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን መታየትና ደም መመርመር ያስፈልጋል።

ከአንድ ፋርማሲስት