መብራታችንን ያጠፋው አራት ኪሎ አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የ2021ን የቴክሳስ ብርድ አንስታችሁ «ፖለቲካውን ወደ ጎን ትተን እንደዚያን ጊዜ እንረዳዳ» የሚል ጽሑፍ አውጥታችኋል። ግማሹን ወድጄዋለሁ። ሌላው ግማሽ ግን አናደደኝና ይቺን ጻፍኩ። ረዘመች ብላችሁ ብትቆርጡ አልቀየምም፤ የካርቦን ሞኖክሳይዱን፣ ከከሰልና ከሞተር ጭስ የሚወጣውን የገዳዩን ጋዝ ነገር ግን እንዳትነኩብኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እዚህ ያለ ሰው ያንን ብርድ የሚያስታውሰው በፌብሩዋሪ ነው።)

ተረዳድተናል፣ እሱ አይካድም። ያኔ የምኖረው ዳላስ ነበር፣ ሀበሻ የበዛበት የአፓርትመንት ግቢ ውስጥ። ሰኞ ፌብሩዋሪ 15፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ መብራት ሄደ። በየተራ ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚጠፋው ተብሎ ነበር። ተራው ግን ሳይዞር ቀረ፤ ሆስፒታልና የእሳት አደጋ ጣቢያ ያለበት መስመር መጥፋት ስለማይችል የጠፋበት እንደጠፋበት፣ የበራለትም እንደበራለት ከረመ። መንገዱን ስንሻገር ያሉት ቤቶች ቴሌቪዥን ያያሉ፣ እኛ ካፖርት ለብሰን እንተኛለን። መሀል ከተማ ደግሞ ሰው የሌለባቸው ፎቆች ቦግ ብለው ይታያሉ። ማክሰኞ ጠዋት በዳላስ ፎርት ዎርዝ አየር ማረፊያ የተለካው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ። ከ1949 ወዲህ እንዲህ ያለ ቁጥር ታይቶ አያውቅም። ቧንቧው በረደና ፈነዳ፤ ውሃው ሲቆም ከግቢው መዋኛ ገንዳ በባልዲ እየቀዳን ሽንት ቤት ደፋን።

አሁን ወደ ጎረቤቶቼ ልምጣ። ጊዜው የሰሜኑ ጦርነት ከጀመረ ሦስት ወር ያለፈው ጊዜ ነው። ከምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት የትግራይ እናት ነበሩ፤ አድዋ አካባቢ ገጠር ያለችውን እህታቸውን ድምፅ ከጥቅምት ወዲህ አልሰሙም። ከላያቸው የጎንደር ልጆች ይኖራሉ፤ አንደኛው ማይካድራ ላይ ዘመድ ሞቶበታል። ድሮ በዓል በመጣ ቁጥር አብረው ይበሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከኖቬምበር በኋላ ግን ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ስልካቸውን የሚያዩ ሆኑ። ይህን የምለው ልፈርድባቸው አይደለም። ወንድሙ የት እንደወደቀ የማያውቅ ሰው «እንዴት አደርክ» ለማለት አፉ ቢያዝ ምን ይገርማል?

በዚያ ብርድ በር አንኳኪዋ እኚህ እናት ሆኑ። በሶ ነበራቸው፣ ዳቦ ቆሎም ነበራቸው፤ እሳት የማይፈልግ ምግብ ያለው ከግቢው ሰው ሁሉ እሳቸው ጋ ብቻ ነበር። የጎንደሮቹ በር ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ምን በልታችሁ አደራችሁ?» አሉ። በቃ፣ ሌላ ነገር አልተባለም። ልጆቹም ፍራሻቸውን ይዘው ወረዱና ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ አደሩ፣ ከጎናችን የነበሩ የሜክሲኮ ሰዎችም ከነልጆቻቸው ተጨመሩ። ምድጃቸው በጋዝ ስለሆነ በክብሪት ለኩሰው ሾርባ የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ከግቢው ጀርባ ደግሞ በፒካፑ ላይ የትራምፕን ባንዲራ የሚያውለበልብ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ብዙዎቻችን ሰላም ብለነው አናውቅም፣ እሱም ብሎን አያውቅም። የአንድ ጎረቤታችን አባት በኦክስጅን ማሽን ነው የሚተነፍሱት ሲባል ጄኔሬተሩን ከደጅ አስነስቶ ረጅም ኤክስቴንሽን በአጥር አሳልፎ ሰጠን። ቤንዚኑን እኛ እየገዛን፣ እሱ እየሞላ።

እንግዲህ እናንተ ታሪኩን እዚህ ላይ ነው ያቆማችሁት። እኔ ልቀጥል። ብርዱ አለፈ፣ መብራቱ መጣ፣ ፍራሹም ወደ ላይ ተመለሰ። ደረጃ ላይ ስልክ ማየቱ ወር ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። ሽማግሌውም እስከ ዛሬ ያ ሁሉ የመጣው በንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ነው ብሎ ያምናል። ለምን አያምንም? አገረ ገዥው ግሬግ አቦት በዚያው ሳምንት በቴሌቪዥን ወጥቶ ንፋስና ፀሐይን ነው የወቀሰው። እውነቱ ግን የንፋሱም ቢቀንስ፣ ከሁሉ በላይ የጎደለው በተፈጥሮ ጋዝ የሚመነጨው ኃይል ነው። የጋዝ ጉድጓዶቹና መስመሮቹ በረዱ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ «እኛ መብራት ሊቆረጥብን አይገባም» የሚለውን ፎርም ሳይሞሉ በመቅረታቸው መብራት ተቆረጠባቸው። መብራት የሚያመነጨውን ጋዝ የሚገፋውን ፓምፕ መብራት ማጥፋት! አገር ቤት ቢሆን ኖሮ ስንት ቀልድ በወጣለት።

ለዚህ ነው «ፖለቲካውን ወደ ጎን ትተን» የምትለዋ ነገር ያልተዋጠችልኝ። የትኛውን ፖለቲካ? አራት ኪሎ ማን እንደተሾመ፣ ማን እንደተሻረ በሰዓቱ እንሰማለን። ኤርኮት የሚባለውን መሥሪያ ቤት ግን ያ ሌሊት እስኪመጣ ከግቢያችን ሰምቶት የሚያውቅ አልነበረም። ኤርኮት ማለት የቴክሳስን የኤሌክትሪክ መረብ የሚቆጣጠረው ነው። ይህ መረብ ከአሜሪካ ሁለት ታላላቅ መረቦች ተነጥሎ ለብቻው የቆመ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ፖለቲካ ነው፤ ኩባንያዎቹ የፌዴራል መንግሥት ቁጥጥር እንዳይደርስባቸው ከ1930ዎቹ ጀምሮ መስመራቸውን ከክልሉ ድንበር አላሻግር አሉ። ስለዚህ ብርድ ሲመጣ ከጎረቤት ክልል የሚበደሩት ይህ ነው የሚባል ኃይል የለም። ኤል ፓሶ ቴክሳስ ውስጥ ነች፣ ግን ከምዕራቡ መረብ ጋር ስለተያያዘች ያን ሳምንት ብዙም አልጨለመባትም። በፌብሩዋሪ 2011ም እንዲሁ በርዶ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ የፌዴራል መርማሪዎች ማመንጫዎቹንና የጋዝ መስመሮቹን ለብርድ አዘጋጁ ብለው ጽፈዋል። አስገዳጅ አልነበረምና አልተዘጋጁም። በ2021 ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤትና ድርጅት ጨለማ ውስጥ ገባ፤ መረቡ በጠቅላላ ሊወድቅ የቀረው 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ነበር። የክልሉ ጤና ቢሮ የመዘገበው ሞት 246 ነው።

ስንረዳዳ ደስ ይለናል፣ ይጽፉልናልም። ባለሥልጣኖቹም ይወዱታል፤ ሕዝቡ እርስ በርሱ ሲረዳዳ እነሱን የሚጠይቅ አይኖርማ። ሴናተር ቴድ ክሩዝ በዚያ ሳምንት ቤተሰቡን ይዞ ካንኩን፣ ሜክሲኮ በረረ፤ በማግስቱ ጩኸቱ ሲበዛበት ተመለሰ። ኮሎራዶ ሲቲ የምትባል የዚሁ የቴክሳስ ትንሽ ከተማ ከንቲባ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ መንግሥት ለእናንተም ለቤተሰባችሁም ምንም ዕዳ የለበትም፣ ጠንካራው ይተርፋል ደካማው ይጠፋል የሚል ነገር ጻፈ። ከሥልጣኑም ለቀቀ። በኔ ቤት ከሁለቱ ከንቲባው ይሻላል፤ ቢያንስ በሆዱ ያለውን ተናገረ።

የካርቦን ሞኖክሳይዱ ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። ከ246ቱ መካከል 19ኙ የሞቱት በብርዱ ሳይሆን በካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። መኪና ጋራዥ ውስጥ አስነስቶ መሞቅ፣ ጄኔሬተር ቤት ውስጥ ማስነሳት፣ ከሰል አቀጣጥሎ ሳሎን ማስገባት። ሂዩስተን ላይ ከእኛው ወገንም በዚህ መንገድ የሞተ አለ። እኛ ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተን ቡና አፍልተን ያደግን ሰዎች ነን፤ ግን የአገር ቤቱ ቤት በበሩ ሥርና በጣሪያው ክፍተት ንፋስ ያስገባል፣ የእዚህ አፓርትመንት ደግሞ ድፍን ነው። ጋዙ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ከዚያ እንቅልፍ። የጋራዡን በር ከፍቻለሁ ብሎ መተማመን አይቻልም። በባትሪ የሚሠራ አላርም ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። እኔ በዚያ ሳምንት ስለዚህ ነገር በአማርኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም፤ በእንግሊዝኛ ስልኬ ላይ መጥቷል፣ እናቶቻችን ግን አያነቡትም። በትግርኛና በኦሮምኛም እንዲሁ። ይህ የእናንተ ሥራ ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ፣ ከማስታወቂያው ገጽ ላይ ቆርጣችሁም ቢሆን፣ በትልቁ አትሙት።

ስለ እድርም አንድ ነገር ልበል። የእኛ ሰው እድርን ያውቅበታል፤ አገር ቤት ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ጋኑም የእድር ነው፣ ለቅሶ የቀረ ይቀጣል፣ ቅጣቱንም ይከፍላል። እዚህ ያለው እድራችን ግን የሚነቃው ሰው ሲሞት ነው፤ አስከሬን ለመላክ ሺዎችን በአንድ ቀን የሚሰበስብ ሕዝብ ለማሞቂያና ለጄኔሬተር ኮሚቴ የለውም። ኦክስጅን የሚጠቀም፣ ዲያሊሲስ ያለበት፣ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ የትኛው አፓርትመንት እንዳለ የያዘ ዝርዝር እስካሁን አላየሁም። የስልክ ዝርዝሩም ቢሆን በዋትስአፕ ተከፋፍሏል፣ የዚህኛው ክልል፣ የዚያኛው፣ ይህን ቤተ ክርስቲያን የሚከተል፣ ያንን የሚከተል። እርቅ አውርዱ አላልኩም፣ እሱ ሽማግሌ ይፈልጋል፣ ጊዜም ይፈልጋል። እኔ የምለው ዝርዝሩ በቤት ቁጥር ይሁን ነው። ከ1 እስከ መጨረሻው በር፣ ሀበሻው፣ ሜክሲኮው፣ ባንዲራ ሰቃዩም አንድ ላይ። መብራቱ ሲጠፋ ማን ከየት እንደመጣ ጠይቆ አይጠፋም።

አሁን የምኖረው ጋርላንድ ነው፣ የብዙ አንባቢዎቻችሁም ከተማ ነች። ጋርላንድ የራሷ የመብራት ድርጅት ያላት ከተማ ነች፤ ጋርላንድ ፓወር ኤንድ ላይት የከተማው ንብረት ነው፣ ከ1923 ጀምሮ። የበላዩ የከተማው ምክር ቤት ነው፣ ምክር ቤቱን የምንመርጠው ደግሞ እኛ ነን። ለእንደዚህ ያለ የከተማ ምርጫ የሚወጣው ሰው ቁጥር ትንሽ ነው፤ አንድ ሠርግ ላይ የሚታደም ሀበሻ ብቻ ቢወጣ ይታያል። ሌላም አለ። በክልሉ ጋዝና ዘይት የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ስሙ የባቡር ኮሚሽን ነው (ከባቡር ጋር ዛሬ ምንም የለውም፣ እንዲሁ ስሙ ቀርቶ ነው)። ሦስት ኮሚሽነሮች አሉት፣ ሦስቱም በሕዝብ ምርጫ ነው የሚገቡት፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ወንበር ለምርጫ ይቀርባል። ዜግነት ያገኘ የእኛ ሰው ለፕሬዚዳንት መርጦ ከታች ያለውን ባዶ ትቶት ይወጣል። ጋዙ እንዳይበርድ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ከታች ያለው ነው።

ደግሞ ምንም አልተለወጠም እንዳልባል። ከብርዱ በኋላ በጁን 2021 ማመንጫዎች ለብርድ እንዲዘጋጁ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። የክልሉ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ኮሚሽን ሦስቱም አባላት ለቀቁ፣ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ የኤርኮት ቦርድ አባላትም ለቀቁ። በዲሴምበር 2022 እና በጃንዩወሪ 2024 ብርዱ ሲመለስ መረቡ ቆሞ አሳልፎታል። ይህ የመጣው ሰው ስለጮኸ ነው። ያን ጊዜ ከጮኸው ሰው መካከል ግን የእኛን ድምፅ አልሰማሁም፤ እኛ በዚያ ሰሞን ሰልፍ የወጣነው ስለ አገር ቤት ነው፣ ከየወገናችን፣ ባንዲራ ይዘን፣ አንዱ በዚህ ጥግ ሌላው በዚያ ጥግ። ውጡ፣ አልከለክልም፣ የእናት አገር ጉዳይ ነው። ግን ለዚያ የሚበቃ ጉልበት ካለን ለአንድ የምክር ቤት ስብሰባ አንድ ምሽት አይጠፋም። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው መምረጥ ባይችልም ስብሰባው ላይ ተነስቶ መናገር ይችላል፣ ማንም ወረቀት አይጠይቀውም።

ስለዚህ አዘጋጁ፣ በሚቀጥለው እትም አገር ቤት ስላለው ሹም ሽር ከምታወጡት ዓምድ ሩቡን ብቻ ስጡን። የጋርላንድን የምክር ቤት ወረዳዎች ካርታ አትሙና እያንዳንዱ አንባቢ የትኛው ወረዳ እንደሆነ ይወቅ። የከተማው ምርጫ በሜይ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ የመራጮች ምዝገባ የሚዘጋው ከምርጫው 30 ቀን ቀደም ብሎ ስለሆነ ኤፕሪል ሲገባ አይደለም የምትነግሩን፣ ማርች ላይ ንገሩን።

አክባሪያችሁ፣
የጋርላንድ አንባቢያችሁ