የላስቲክ አውሮፕላን ሥራ ሜዳ ላይ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አያልቅም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ ባልሳ ከሚባለው እጅግ ቀላል እንጨት ተሠርቶ በተጠመዘዘ ላስቲክ ኃይል ስለሚበር ሞዴል አውሮፕላን ለወጣቶች በሚቀርቡ ጽሑፎች ላይ ደጋግሜ የማየው አንድ ጉድለት ነው። ጽሑፎቹ እንጨቱ እንዴት እንደሚቆረጥና ክንፉ እንዴት ወረቀት እንደሚለብስ በሰፊው ካስረዱ በኋላ፣ የቀረውን ሥራ «ላስቲኩን ጠምዝዘህ ልቀቀው» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይዘጉታል። ይህን ምክር አምኖ የተከተለ ልጅ፣ ብዙ የደከመበት አውሮፕላን ከእጁ እንደወጣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ሲቆም፣ ከዚያም ወደ ግራ ተገልብጦ መሬት ሲመታ ያያል። እጁ ለዚህ ሥራ እንዳልተፈጠረም ደምድሞ ይተወዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የአሠራሩ አይደለም፤ በግንባታውና በሙሉ ኃይል በረራው መካከል መኖር የነበረበት የማስተካከል ሥራ ስለ ተዘለለ ነው።

ለመዘለሉ አንዱ ምክንያት ነገሩ እንደ መጫወቻ ብቻ መታየቱ ይመስለኛል። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1871 በፓሪስ የቱይለሪ አትክልት ስፍራ ያበረራት የላስቲክ አውሮፕላን 16 ግራም ገደማ የምትመዝን ነበረች፤ በ11 ሰከንድ ውስጥ 40 ሜትር ያህል በረረች። ርቀቱ ትንሽ ቢሆንም፣ ማንም ሳይመራት ሚዛኗን በራሷ ጠብቃ መብረሯ ግን በጊዜው ትልቅ ነገር ነበር። ምስጢሩም ፔኖ የጅራቱን አንግል ከክንፉ አንግል ዝቅ አድርጎ መግጠሙ ነው፤ አፍንጫዋ ሲደፋ ፍጥነቷ ይጨምራል፣ ጅራቱም ወደ ታች ተገፍቶ አፍንጫዋን መልሶ ያነሣዋል። ዊልበርና ኦርቪል ራይት በልጅነታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1878፣ ከአባታቸው የተቀበሉት በላስቲክ የሚሽከረከር ሄሊኮፕተርም በዚሁ ሰው ንድፍ ላይ የተመሠረተ ነበር። እንግዲህ ልጁ በእጁ የያዘው ነገር የአቪዬሽን ሳይንስ ከተጀመረባቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ ማብራሪያውም ለዚህ የሚመጥን ሊሆን ይገባል።

ስለ ግንባታው ብዙ አልልም፤ በዚህ ረገድ ጽሑፎቹ በአመዛኙ ደኅና ናቸው። ሆኖም የባልሳ እንጨት ክብደት ከሳንቃ ሳንቃ እጅግ እንደሚለያይ መነገር አለበት። በዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ሳንቃዎች ሲመዘኑ አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት መዝኖ፣ ጠንካራውን ለክንፉ ዋና ዘንግ፣ ቀላሉን ለጅራቱ መለየት ያስፈልጋል። ጅራቱ ከክብደት መሃሉ፣ ማለትም አውሮፕላኑ በጣት ሲደገፍ ሚዛኑን ከሚጠብቅበት ነጥብ፣ ርቆ ስለሚገኝ፣ እዚያ ላይ በከንቱ የተጨመረ አንድ ግራም አፍንጫው ላይ ብዙ ግራም የማካካሻ ክብደት ያስጨምራል። ደግሞም ስሱ ወረቀት ከተለጠፈ በኋላ ውኃ ተረጭቶበት ሲወጠር፣ ክንፉ እስኪደርቅ ድረስ በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ተያይዞ መቆየት አለበት፤ ካልሆነ ይጣመማል። የተጣመመ ክንፍ ያለውን አውሮፕላን ደግሞ ሌላ ነገር በማስተካከል ለማዳን መሞከር ድካም ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። የማስተካከሉ ሥራ ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለቱን መደባለቅም የአብዛኛው ስብራት ምንጭ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ያለ ሞተር ኃይል፣ ማለትም ላስቲኩ ሳይጠመዘዝ፣ መንሳፈፍ ነው። ፕሮፔለሩ (አፍንጫው ላይ ሆኖ በላስቲኩ ኃይል የሚሽከረከረው ክፍል) እና ላስቲኩ በቦታቸው እንዳሉ፣ የአውሮፕላኑ ክብደት መሃል ንድፉ ባመለከተው ቦታ ላይ መዋሉ ይረጋገጣል፤ በተለመዱት ንድፎች ይህ ቦታ ከክንፉ የፊት ጠርዝ አንሥቶ የክንፉ ወርድ ሲሶ አካባቢ ነው። ከዚያም ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ሣር ባለበት ሜዳ፣ አፍንጫውን በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ በለስላሳ እጅ ወደ ፊት መልቀቅ ነው። አፍንጫውን ቀና አድርጎ ፍጥነት ካጣ በኋላ የሚወድቅ ከሆነ፣ አፍንጫው ላይ ትንሽ ክብደት ይጨመራል፤ ወይም የአግድም ጅራቱ የኋላ ጠርዝ በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ይደረጋል። በዚህ ሂደት አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና የተለወጠውን መጻፍ ግዴታ ነው፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው አውሮፕላኑ ቢሻሻልም የትኛው እንዳሻሻለው አያውቅም።

ሁለተኛው ክፍል በሞተር ኃይል ማስተካከል ሲሆን፣ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ይበልጡን እዚህ ላይ ነው። ፕሮፔለሩ፣ ከኋላ ሆነው ሲያዩት፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀኝ ሲዞር የአውሮፕላኑ አካል በአጸፋው ወደ ግራ ይገፋል። የላስቲክ ጉልበት ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ ሞተር እኩል አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች እጅግ ይበረታል፣ ወዲያው ቀንሶ ለረጅም ጊዜ ዝግ ብሎ ይቀጥላል። በዚያ የመጀመሪያ ጉልበት ጊዜ ፍጥነቱ ስለሚጨምር ክንፉ ከሚገባው በላይ ያነሣል፤ አውሮፕላኑም አፍንጫውን ሽቅብ ይሰቅላል። ይህን ያየ ጀማሪ እጁን ወደ ጅራቱ ይሰዳል፤ ጅራቱን ሲነካ ግን አስቀድሞ በትዕግሥት ያስተካከለውን መንሳፈፍ ያበላሻል። ትክክለኛው መድኃኒት የፕሮፔለሩን አቅጣጫ መለወጥ ነው። በአፍንጫው እንጨትና በአካሉ መካከል፣ ከላይ በኩል ስስ የእንጨት ቁራጭ ሲገባ ፕሮፔለሩ በጥቂት ዲግሪ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ቁራጩ በግራ በኩል ሲገባ ደግሞ ወደ ቀኝ ያመለክታል፤ ይህም ከልክ ያለፈውን የግራ መዞር ያርማል። የፕሮፔለሩ ዝንባሌ የሚሠራው ላስቲኩ ጉልበት እስካለው ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ጉልበቱ ሲያልቅ የተስተካከለው መንሳፈፍ እንደነበረ ይገኛል። ጽሑፎቹ ከዚህ ሌላ ምንም ባይጨምሩ እንኳ፣ መንሳፈፉ በክብደትና በጅራት፣ የሞተሩ በረራ በፕሮፔለሩ አቅጣጫ እንደሚታረም ቢናገሩ የብዙ ልጆችን አውሮፕላን ያተርፋሉ።

ላስቲኩ የሚጠመዘዝበት ዙርም ቀስ በቀስ መጨመር አለበት። መጀመሪያ ላስቲኩ ከሚችለው ሩብ ያህል፣ ቀጥሎ ግማሽ እየተባለ በየደረጃው በረራው እየታየ ይታረማል። ስለ ላስቲኩ ምርጫም ልጆቹ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ሕግ አለ። ርዝመቱ ሳይለወጥ አንድ ክር የነበረው ላስቲክ አራት ክር ሲደረግ፣ ሊጠመዘዝ የሚችለው ዙር በግምት በግማሽ ይቀንሳል፤ የመጠምዘዝ ኃይሉ ግን ስምንት እጥፍ ያህል ያድጋል። ስለዚህ «አልነሣም አለ» ተብሎ ክር የተጨመረበት አውሮፕላን ሌላ አውሮፕላን ሆኗልና ማስተካከሉ እንደ አዲስ መጀመር አለበት። ላስቲኩ በሲሊኮን ዘይት ይታሻል፤ የማሽን ዘይት ግን የተፈጥሮ ላስቲክን ስለሚያበላሽ አይነካውም። ሲጠመዘዝም አስቀድሞ ከርዝመቱ አራት ወይም አምስት እጥፍ ተለጥጦ፣ ግማሹ ዙር ከገባ በኋላ፣ የሚጠመዝዘው ሰው ቀስ እያለ ወደ አውሮፕላኑ እየቀረበ ይጨርሳል። ሳይለጠጥ የተጠመዘዘ ላስቲክ ከአቅሙ በታች ዙር ይዞ ይበጠሳል።

ይህ ሁሉ ለልጅ የሚከብድ ነው የሚል ካለ አልስማማም። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን «ኤፍ 1 ቢ» ብሎ በሰየመው የውድድር ዘርፍ፣ ከ200 ግራም በታች መመዘን የማይፈቀድለት አውሮፕላን ከ30 ግራም ያልበለጠ ላስቲክ ተሰጥቶት ለደቂቃዎች አየር ላይ ይቆያል። የእነዚያ አውሮፕላኖች ባለቤቶችም የሚሠሩት ያንኑ የመንሳፈፍና የፕሮፔለር ማስተካከል ነው፤ መሣሪያቸው ይረቅቃል እንጂ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። በክንፉ ላይ የሚሠራውን ኃይል በሒሳብ ማስላት ያልደረሰ ልጅም አውሮፕላኑ ሲሰቅልና ሲደፋ በዓይኑ አይቶ ምክንያቱን መናገር ይችላል።

ስለዚህ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ጋዜጣዎ በሳይንስ ወይም በወጣቶች ገጹ ስለዚህ ሥራ ሲያትም፣ ለግንባታው ከሚሰጠው ቦታ ቢያንስ ግማሹን ለማስተካከሉ እንዲሰጥ እጠይቃለሁ። ቦታው የሚጠብብ ከሆነ የወረቀት አለባበሱ ማብራሪያ ይጠር፤ በደንብ ያልተወጠረ ወረቀት የለበሰ አውሮፕላን ቢስተካከል ይበራል፣ አምሮ የተሠራው ግን ሳይስተካከል አይበርም። ጽሑፉ ለመምህራን የሚቀርብ ከሆነም፣ ተማሪዎቹ የሚመዘኑት በመጀመሪያው በረራ ርዝመት ሳይሆን፣ በየሙከራው ምን እንደለወጡና ምን እንዳዩ በመዘገቡት ማስታወሻ እንዲሆን የሚያሳስብ አንድ አንቀጽ ቢታከልበት እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣዎ አንባቢ