የካርቦኔት ፕላትፎርሞችን የገደላቸው የባህር ከፍታ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ስለ ኮራል ደሴቶች ያወጣችሁትን ጽሁፍ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት፣ ግን የድሮዎቹ የካርቦኔት ፕላትፎርሞች የሰመጡት ባህሩ ከፍ ስላለ ነው ብላችሁ በአንድ መስመር አልፋችሁታል፣ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ የዚህ ሳይንስ ትልቁ እንቆቅልሽ እኮ እሷ መስመር ውስጥ ነው ያለው።

እነዚህ ፕላትፎርሞች ከየብስ ተነጥለው በጥልቅ ባህር ተከበው የቆሙ የኖራ ድንጋይ ክምሮች ናቸው፣ አናታቸው ጠፍጣፋ ጎናቸው ገደል። የወንዝ ደለል ስለማይደርሳቸው ድንጋዩ ከሞላ ጎደል እዛው የተሰራ ነው፣ ኮራሉ፣ አልጌው፣ ዛጎል ያለው ሁሉ ተረባርቦ። ባሃማስ ደሴቶች ያሉበት ታላቁ ባሃማ ባንክ የሚባለው ፕላትፎርም ላይ ያለው ውሃ ባብዛኛው 10 ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ግን እ.ኤ.አ. በ1947 አንድሮስ ደሴት ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ 4.4 ኪሎ ሜትር ወርዶም ከካርቦኔት (ከኖራ ድንጋይና ከመሰሎቹ) አልወጣም! የባንኩን አሸዋ ደግሞ በማጉሊያ መነጽር እዩት፣ ብዙው ቅንጣት ድቡልቡል ነው፣ ሲሰነጠቅ ውስጡ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ፣ ማዕበሉ እያንከባለለው ከውሃው ውስጥ ኖራ በስሱ እየለበሰ ያደገ።

ይሄ ሁሉ ውፍረት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ሊከመር የቻለው ከስር ያለው መሬት ቀስ እያለ ሲወርድ ከላይ ስለሚተካ ነው። ዳርዊን በ1842 ስለ አቶል (ቀለበት መሰል የኮራል ደሴት) ያለው ይሄንኑ ነበር፣ እሳተ ገሞራው ይሰምጣል ኮራሉ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ያድጋል። ከ1896 እስከ 1898 ፓሲፊክ ውስጥ ባለው ፉናፉቲ አቶል ላይ ቆፍረው እሳተ ገሞራው ጋ ሳይደርሱ ቀሩ፣ በ1952 ግን እዛው ፓሲፊክ ያለው ኢኒዌቶክ አቶል ላይ ከ1,200 ሜትር በላይ የኖራ ድንጋይ በስተው የእሳተ ገሞራውን ድንጋይ፣ ባዝልቱን አገኙት፣ ዳርዊን ከጻፈ ከ110 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እንቆቅልሹ እዚህ ጋ ይመጣል። የጂኦሎጂ ተመራማሪው ቮልፍጋንግ ሽላገር በ1981 እንዳነሳው ጤነኛ ሪፍ (ኮራሉና ጓደኞቹ የሚገነቡት የባህር ውስጥ ድንጋይ) በዓመት 1 ሚሊ ሜትርና ከዛም በላይ ያድጋል፣ መሬቱ ግን የሚወርደው ባብዛኛው ከዚህ አንድ አስረኛውን ወይም ከዛ ባነሰ ፍጥነት ነው፣ በዚህ ሂሳብ አንድም ፕላትፎርም መስመጥ አልነበረበትም። ግን ሰምጠዋል። ፓሲፊክ ውስጥ ጋዮት የሚባሉ ጠፍጣፋ የባህር ስር ተራሮች አሉ፣ አንዳንዶቹ አናት ላይ በክሪቴሺየስ ዘመን (በዳይኖሰሮች ጊዜ) በፀሐይ ብርሃን ያደገ የኖራ ድንጋይ ዛሬ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ውስጥ ተቀምጧል።

ከፍታውም ድርሻ የለውም አልልም፣ በረዶው ሲቀልጥ ባህሩ በዓመት ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ የጨመረባቸው ጊዜያት ነበሩ፣ ያንን የሚቋቋም ብዙ የለም። ባህሩ ሲወርድም ችግር አለው፣ የዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ 120 ሜትር ያህል ዝቅ ሲል ባሃማ ደረቅ ኮረብታ ሆኖ ዝናብ ሲያሟሟው ዋሻ በዋሻ ሆነ። ግን ብዙ ጊዜ ፕላትፎርም የሚሞተው መጀመሪያ ፋብሪካው፣ ኖራውን የሚሰሩት ኮራልና አልጌ፣ ሲታመም ነው፣ ማለትም ውሃው በኑትሪየንት (በተሟሟ ማዳበሪያ መሰል ንጥረ ነገር) ሲበከል፣ ሲደፈርስና ብርሃን ሲያጣ፣ ሲሞቅ ወይ ሲቀዘቅዝ፣ ከዛ በኋላ ያቺ ትንሽዬ የመሬት መውረድ ብቻ ትበቃዋለች።

ማልዲቭስ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ2015 የዓለም አቀፉ የውቅያኖስ ቁፋሮ ፕሮግራም 359ኛ ጉዞ እዛ ቆፍሮ ያገኘው፣ ከ13 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሞንሱን የሚባለው ወቅታዊ ነፋስ ሲበረታ የባህር ጅረቱም አብሮ በረታ፣ ኑትሪየንት ከጥልቁ ወጣ፣ ከፕላትፎርሞቹ የተወሰኑት በዛው ሰመጡ የተወሰኑት ግን እስካሁን አሉ። ባህሩ ለሁሉም አንድ ነው፣ ከፍታው ብቻ ገዳይ ቢሆን አንዱ ሞቶ ጎረቤቱ ባልተረፈ።

ዛሬ ባህሩ በዓመት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ እየጨመረ ነው፣ ጤነኛ ሪፍ ለጊዜው ሊከተለው ይችል ይሆናል፣ በሙቀት የነጣ (ኮራሉ ታሞ ቀለሙን ያጣ) ሪፍ ግን አይችልም፣ ማልዲቭስ ደግሞ በ1998ም በ2016ም ነጥቷል። አንባቢው ከፍታውን ብቻ ካየ ሙቀቱን ይረሳዋል፣ እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ይቀጥላል ብላችኋል፣ እባካችሁ የማልዲቭሱን ቁፋሮ አስገቡበት፣ ስዕሉ ላይም ከባህሩ ከፍታ ጎን የሪፉን የዕድገት ፍጥነት በሚሊ ሜትር አስቀምጡ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳይቀመጡ ስዕሉ ምንም አያስረዳም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ